አንድ ማርሽ፣ ስድስት ስም፦ ለዕቃዎች ተለዋዋጭ መረጃ የመጨመር የጉዳይ ጥናት

## መነሻው አንድ ጥያቄ ነው

"ስንት አውቶማቲክ መኪና አለን?"

የጠየቀችን የድርጅቱ ባለቤት ናት። ለማስታወቂያ ቁጥር ፈልጋ ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ መስሎን ነበር። ባልደረባዬ የሪፖርት ገጹን ከፍቶ አንድ ቁጥር ነገራት። እኔ ዳታቤዙን በቀጥታ ጠየቅሁና ሌላ ቁጥር አመጣሁ። መረጃ ከሚያስገቡት ልጆች አንዷ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ፣ "ኧረ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ እኔ ብቻዬን ያስገባሁት ከዚህ ይበልጣል" አለች።

ልጅቷ ልክ ነበረች።

ለምን ልክ እንደሆነች ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብን። ለማስተካከል ደግሞ ሁለት ወር ገደማ። ይህ ጽሑፍ የእነዚያ ሁለት ወራትና ወደዚያ ያደረሱን የሦስት ዓመታት ታሪክ ነው። ድርጅቱንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም። ነገሩ ግን ምርት፣ ታካሚ፣ ተማሪ ወይም ንብረት የሚመዘገብበት ሲስተም የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነው። ነገ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚመጣ ሳናውቅ ዛሬ ዳታቤዝ እንነድፋለን።

## ድርጅቱና ሥራው

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ትንሽ የማስታወቂያ ድረ ገጽ ነው። ሰው መኪና፣ ቤት፣ ስልክና የቤት ዕቃ ይሸጥበታል፣ ያከራይበታል። ፕሮግራሙን የምንሠራው ሁለት ነን። መረጃ የሚያስገቡ ሦስት ልጆች አሉ። ደላላው ወይም ባለንብረቱ በቴሌግራም ፎቶና አጭር ጽሑፍ ይልካል፤ ልጆቹ አንብበው ፎርም ላይ ይሞላሉ። ሲስተሙ ጃንጎ በሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ሲሆን ዳታቤዙ (መረጃውን የሚያስቀምጠው ፕሮግራም) ፖስትግሬስ ነው።

የሁሉም ዕቃ የጋራ መረጃ ጥቂት ነው፤ ርዕስ፣ ዋጋ፣ አካባቢ፣ ስልክ ቁጥር፣ ፎቶ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየራሱ መንገድ ይሄዳል። መኪና ገዢ ማርሹን፣ ነዳጁን፣ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ፣ ሰሌዳው ኮድ 2 ይሁን ኮድ 3 ይጠይቃል። ቤት ፈላጊ ካሬውን፣ ካርታ መኖር አለመኖሩን፣ የውሃውን ነገር ይጠይቃል። ስልክ ገዢ ራምና ስቶሬጅ ይላል። የፍሪጅ ገዢ ደግሞ ሊትር።

## የመጀመሪያው መንገድ፦ በየጥያቄው አንድ ኮለም

በ2013 ዓ.ም. ስንጀምር ነገሩን አላወሳሰብነውም። አንድ ትልቅ ቴብል (ሰንጠረዥ) ሠራን። አዲስ መረጃ ሲፈለግ አንድ ኮለም (ዓምድ) እንጨምራለን። ለመኪና የተሠራው ኮለም ለቤት ባዶ ይቀራል።

ብዙ ሰው ይህንን መንገድ ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። እኔ ግን አሁንም አልንቀውም። ፖስትግሬስ ላይ ባዶ ኮለም ቦታ የሚበላው ከምንም አይቆጠርም። ዓይነቱ ይታወቃል፤ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ላይ ጽሑፍ ቢመጣ ዳታቤዙ ራሱ አይቀበልም። ስሙም አንድ ነው። ይህን "ስሙ አንድ ነው" የሚለውን ነገር ያኔ እንደ ጥቅም አልቆጠርነውም ነበር። ዋጋውን ያወቅነው ካጣነው በኋላ ነው።

መንገዱን ያስተወን ቴብሉ ራሱ አይደለም። የኛ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ኮለም ፕሮግራመር ይጠብቃል፤ ፎርሙ ይስተካከላል፣ ማይግሬሽን (የቴብሉን ቅርጽ የሚለውጥ ትእዛዝ) ይጻፋል፣ ሰርቨር ላይ ይጫናል። ልጆቹ "ለጄኔሬተር ኪሎዋት የሚባል ቦታ የለም" ብለው ማክሰኞ ቢጠይቁ የሚያገኙት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እስከዚያ መረጃውን "መግለጫ" የሚለው ሰፊ ሳጥን ውስጥ ይጠቀጥቁታል። እዚያ የገባ መረጃ ደግሞ በፊልተር (በማጣሪያ) አይገኝም።

አንድ ቀን ደግሞ ቀን በቀን ማይግሬሽን ለቀቅሁ። ባዶ ኮለም መጨመር ፖስትግሬስ ላይ የቅጽበት ሥራ ስለሆነ ምንም አልፈራሁም። ነገር ግን ለዚያች ቅጽበት ቴብሉን ሙሉ በሙሉ መቆለፍ ያስፈልገዋል። በዚያው ሰዓት አንድ ረጅም ሪፖርት ያንኑ ቴብል እያነበበ ነበር። የኔ ትእዛዝ ሪፖርቱ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ፤ ከኋላዬ የመጣው ጎብኚ ሁሉ ደግሞ እኔን እየጠበቀ ተሰለፈ። ልክ እንደ ታክሲ ሰልፍ፣ ፊት ያለው ካልተሳፈረ ማንም አይንቀሳቀስም። ድረ ገጹ ቆመ። ሪፖርቱን ገድዬ ነው የተላቀቅነው። አሁን ከማይግሬሽን በፊት ቴብሉን ለመቆለፍ የሚጠብቅበት ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ እንዲሆን አደርጋለሁ፤ ካላገኘ ራሱ ይተወዋል።

## ሁለተኛው መንገድ፦ ቁልፍና ዋጋ በየረድፉ

ባልደረባዬ የመጣው ዎርድፕረስ ከሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ዎርድፕረስ ለጽሑፍ ተጨማሪ መረጃ የሚያስቀምጥበት ፖስትሜታ የሚባል ቴብል አለው። አራት ኮለም ብቻ ነው ያለው፤ የራሱ መለያ፣ የጽሑፉ መለያ፣ ቁልፍ (የመረጃው ስም፣ ለምሳሌ ማርሽ) እና ዋጋ (የተሞላው መልስ፣ ለምሳሌ አውቶማቲክ)። ዋጋው ረጅም ጽሑፍ ነው። ምንም ነገር ይገባበታል። በዘርፉ ይህ አሠራር ኢኤቪ (EAV፣ ዕቃ፣ ባሕርይ፣ ዋጋ) ይባላል።

በ2014 ዓ.ም. እኛም ያንኑ ሠራን። "አዲስ መረጃ ጨምር" የሚል መጫኛ ፎርሙ ላይ አደረግን። ልጆቹ ሲጫኑት ሁለት ሳጥን ይከፈታል፤ አንዱ ለስም፣ አንዱ ለዋጋ። የፈለጉትን ይጽፋሉ። ደስታቸው አይነገርም። እኛም ማክሰኞ ማክሰኞ የሚደውልልን ጠፋ።

ያቺ መጫኛ ናት በኋላ ጉድ የሠራችን። መጀመሪያ የታመመው ግን ሌላ ነገር ነው።

"አውቶማቲክ፣ ቤንዚን፣ ኮድ 2" ብሎ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ዳታቤዙ ያንኑ ቴብል ሦስት ጊዜ ከራሱ ጋር ማገናኘት ነበረበት። አራተኛ ፊልተር ሲጨመር አራተኛ ጆይን። ገጹ እየከበደ ሄደ። እውነቱን ለመናገር የዝግታው ግማሽ የራሳችን ጥፋት ነበር፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ መረጃውን ለብቻ እየጠየቅን ነበር የምናመጣው። በአንድ ጥያቄ ጠቅልለን ስናመጣው ዝርዝሩ ተሻለው። ፍለጋው ግን አልተሻለውም።

የባሰው ቁጥሩ ነው። ዋጋው ሁሉ ጽሑፍ ስለሆነ "ከ100000 ኪሎሜትር በታች" የሚለው ፊልተር 85000 የሄደውን መኪና ጣለው። በጽሑፍ ሥርዓት 8 ከ1 በኋላ ስለሚመጣ 85000 "ይበልጣል"። በኪውሪው (ለዳታቤዙ በምንጽፈው ጥያቄ) ውስጥ ወደ ቁጥር ልንቀይረው ሞከርን። አንዷ ልጅ "85,000 ኪ.ሜ" ብላ የጻፈችበት አንድ ረድፍ ነበር፤ ያ አንድ ረድፍ ጥያቄውን በሙሉ ጣለው። ገዢው ያየው ባዶ ገጽ ነው።

ማጀንቶ የሚባለው የኦንላይን ሱቅ መሥሪያ ይህን ችግር የሚፈታው ለእያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት የተለየ ቴብል በመያዝ ነው፤ ለሙሉ ቁጥር አንድ፣ ለአጭር ጽሑፍ አንድ፣ ለቀን አንድ። ወረቀት ላይ ሣልነው። ለሁለት ሰው ብዙ ነው ብለን ተውነው።

## ሦስተኛው መንገድ፦ ጄሰንቢ

ፖስትግሬስ ጄሰንቢን (JSONB፣ ብዙ ቁልፍና ዋጋ በአንድ ላይ የሚይዝ የኮለም ዓይነት) ያመጣው በ9.4 ስሪቱ ነው፤ በፈረንጆች ታኅሣሥ 2014። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኮለም ውስጥ የዕቃውን ተለዋዋጭ መረጃ በሙሉ እንደ አንድ ከረጢት ታስቀምጣለህ። ከረጢቱ ውስጥ ቁጥር ቁጥር ሆኖ፣ አዎ/አይደለም አዎ/አይደለም ሆኖ ይቀመጣል። ዳታቤዙ ውስጡን ማየትና መጠየቅ ይችላል። ጂን የሚባለው ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋን የሚያፈጥን) ደግሞ "ይህ ከረጢት ማርሽ፦ አውቶማቲክ የሚለውን ይዟል ወይ?" ለሚል ጥያቄ ፈጥኖ ይመልሳል። ጃንጎ ላይም የተለየ ላይብረሪ አያስፈልግም።

በ2015 መጨረሻ አዛወርነው። ሦስቱ ጆይኖች ወደ አንድ "ይዟል ወይ?" ተጠቃለሉ። ገጹ ቀለለው። ኮዱም አጠረ።

የጠቀመንን ደግሞ በጥር 2016 በደንብ አየነው። መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። በሳምንታት ውስጥ ገዢዎች ከዚያ በፊት ጠይቀውን የማያውቁትን መጠየቅ ጀመሩ። ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት ነው? በአንድ ሙሉ ቻርጅ ስንት ይሄዳል? ቻርጀሩ አብሮ አለ? እኛ አንድ መስመር ኮድ አልጻፍንም። ልጆቹ በዚያው ቀን ማስገባት ጀመሩ። እኔና ባልደረባዬ ቡና ጠጥተን ራሳችንን አደነቅን።

አድናቆቱ ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ የመጣው ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ ደላላ ደውሎ፣ "ወንድሜ፣ ለምንድነው ቀለሙ ከዓመቱ የሚቀድመው?" አለኝ። ጄሰንቢ የገባበትን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ቁልፎቹን በራሱ ይደረድራል፤ አጭሩን ከረጅሙ ያስቀድማል፣ እኩል ሲሆኑ ደግሞ በፊደል ኮዳቸው። ስለዚህ "ማርሽ"፣ "ሞዴል"፣ "ቀለም"፣ "ዓመት" በዚህ ተራ ይመጣሉ፤ "የነዳጅ ዓይነት" መጨረሻ ላይ። ለገዢ ትርጉም የለውም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። 240000 ኪሎሜትር የሄደ መኪና "ከ100000 በታች" ውስጥ ወጣ። እንደገና! ግን ይህኛው ሌላ በሽታ ነው። ፎርሙ አንዳንዱን ቁጥር በጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ ያስገባ ነበር። በጄሰንቢ አወዳደር ማንኛውም ጽሑፍ ከማንኛውም ቁጥር ያንሳል። ስለዚህ በጽሑፍ የገባ ኪሎሜትር ሁሉ፣ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን፣ "በታች" ነው። ስህተት ብሎ የሚጮህ የለም። ዝም ብሎ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። በኢኤቪ ጊዜ ቢያንስ ገጹ ባዶ ሆኖ ያስጠነቅቀን ነበር።

ሦስተኛው፣ መረጃ መጥፋት ጀመረ። ሁለት ልጆች አንዱን ዕቃ እኩል ከፍተውታል። አንዷ ኪሎሜትሩን አስተካክላ አስቀመጠች። ሌላዋ ከደቂቃ በኋላ ቀለም ጨምራ አስቀመጠች። ሁለተኛዋ ያስቀመጠችው ከረጢቱን በሙሉ ነው፤ ውስጡ ደግሞ የድሮው ኪሎሜትር ነበር። የመጀመሪያዋ ሥራ ተበላ። "አስተካክዬው ነበር እኮ!" ስትል ለሳምንት ያህል አላመንናትም። ይህንን እስካሁን አፍርበታለሁ።

## ስድስቱ ስሞች

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። አውቶማቲክ መኪና ስንት ነው?

ለመኪና የገቡትን ቁልፎች በሙሉ ከየብዛታቸው ጋር አወጣሁ። ሠላሳ ያህል ጠብቄ ነበር። ከመቶ በላይ ሆኑ። ስለ ማርሽ የሚናገሩት ብቻ እነዚህ ነበሩ፦ ማርሽ። የማርሽ ዓይነት። የማርሽ አይነት። ትራንስሚሽን። ካምቢዮ። ስድስተኛው እንደገና ማርሽ ነው፤ ከኋላው አንድ ክፍት ቦታ ያለው። ስክሪን ላይ ከመጀመሪያው አይለይም። ሰው አያየውም፣ ኮምፒውተር ግን ሌላ ቃል ነው ይላል።

የኔ ኪውሪ የሚቆጥረው "ማርሽ"ን ነው። የባልደረባዬ ሪፖርት "የማርሽ ዓይነት"ን። ልጅቷ ደግሞ የምትጽፈው "የማርሽ አይነት" ብላ ነው።

ዓይኑ ዐ እና አልፋው አ በንግግር አንድ ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀም እንዲሁ፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ኮምፒውተር ፊደላትን በቁጥር በሚያውቅበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ ላይ፣ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። መደበኛው የዩኒኮድ ማስተካከያም አንድ አያደርጋቸውም፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና አያገባውም። በእንግሊዝኛ ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርገህ ታልፋለህ። እዚህ ግን ያንን የሚያደርግልህ የለም፣ ራስህ መጻፍ አለብህ።

ዋጋዎቹም ቢሆኑ ከዚያ አይሻሉም። አውቶማቲክ፣ ኦቶማቲክ፣ አውቶ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ፣ "አዎ" የሚል። ማርሽ፦ አዎ። ምን ማለት እንደሆነ የጻፈው ያውቃል።

ያኔ ነው የገባኝ። ሦስት ጊዜ ዳታቤዙን ስንቀይር ሦስቱም ጊዜ የተከራከርነው መረጃው የት ይቀመጥ በሚለው ነው። ቁልፉን ማን ይሰይመው የሚለውን አንዴም አላነሳነውም። ኮለም በነበረ ጊዜ የሚሰይመው ፕሮግራመሩ ነበር፤ ዘገምተኛ ቢሆንም አንድ ሰው ነው። "አዲስ መረጃ ጨምር" ስንል ስያሜውን ለሦስት ልጆችና ለማይታወቁ ደላሎች አስረከብን። የፈለግነው ፕሮግራመር ሳይጠበቅ አዲስ መረጃ እንዲገባ ነው። የሰጠነው ግን ሁሉም በየራሱ ቋንቋ እንዲጽፍ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

## ያደረግነው

ዳታቤዙን አራተኛ ጊዜ አልቀየርንም። ጄሰንቢ እንዳለ ቀረ። ከጎኑ አንድ ትንሽ ቴብል ጨመርን፤ ስሙን መዝገበ ቃል አልነው። እያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት አንድ ረድፍ አለው። ረድፉ ላይ የማይቀየር አጭር ኮድ አለ፣ በላቲን ፊደል፤ ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ይህ ብቻ ነው። ሰው የሚያየው የአማርኛ ስም ለብቻው ተቀምጧል፤ ነገ "የማርሽ ዓይነት" የሚለውን "ማርሽ" እናድርገው ብንል አንድ ረድፍ ነው የሚቀየረው። ከዚያ ዓይነቱ፣ መለኪያው፣ ለየትኛው የዕቃ ምድብ እንደሆነ፣ የተፈቀዱት ምርጫዎች፣ ገጹ ላይ ስንተኛ ሆኖ እንደሚወጣ። የደላላው የቀለምና የዓመት ጥያቄ በዚህ መጨረሻዋ ኮለም ተመለሰ።

ፎርሙ ከመዝገበ ቃሉ ራሱን ይሠራል። አዲስ ረድፍ መጨመር የሚችሉት የድርጅቱ ባለቤትና አንዷ ልጅ ናቸው፤ ያችው "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" ያለችን ልጅ። ፕሮግራመር አይጠበቅም። ግን ስያሜው የሁለት ሰዎች እጅ ላይ ብቻ ነው።

ጽዳቱ ግን አድካሚ ነበር። መጀመሪያ የሚመሳሰሉ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ትንሽ ፋንክሽን (የኮድ ቁራጭ) ጻፍኩ፤ ዐን ወደ አ፣ ሐን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነዘሮቻቸው፤ ትርፍ ክፍት ቦታንም ያጠፋል። ይህን የተጠቀምኩት የሚመሳሰሉትን ጎን ለጎን ለማምጣት ብቻ ነው። ዳታው ላይ አልነካሁም። የሰውን አጻጻፍ ማጥፋት የኔ ሥራ አይደለም።

ከዚያ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ አትሜ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። በስክሪብቶ እያገናኙ ከሰዓቱን አብረን ተቀመጥን። ያን ቀን የተማርኩትን ከየትኛውም ኮርስ አላገኘሁትም። "ካምቢዮ የሚለው የአንድ ደላላ ነው፤ እሱ ሲልክ ሁልጊዜ እንደዛ ነው" አለችኝ አንዷ። እኔም ካምቢዮን ወደ ማርሽ የሚያዛውር መስመር ጻፍኩ።

ደግነቱ መጀመሪያ የሞከርኩት በቅጂ ላይ ነው። ማርሽም ካምቢዮም ያለው አንድ መኪና ላይ ስክሪፕቱ ቆመ። ማርሽ፦ አውቶማቲክ። ካምቢዮ፦ አዲስ። ሰውዬው ካምቢዮው ተቀይሯል ማለቱ ነው። ሁለት የተለያየ መረጃ ነው። በጭፍን ባዋህደው ኖሮ "የማርሽ ዓይነት፦ አዲስ" የሚል መኪና እንሸጥ ነበር።

ተቃራኒውም አለ፤ አንድ ስም ሆኖ ሁለት ነገር የሚል። ለቤት "ፎቅ፦ 3" ተብሎ የገባው ግማሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ግማሹ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ። ይህን የሚለይ ፋንክሽን የለም። ልጆቹ ፎቶውን እያዩ አንድ በአንድ ለዩት።

የድሮውን ከረጢት አልጣልነውም። "የድሮው" በሚል ሌላ ኮለም ሳይነካ ተቀምጧል። ሦስት ጊዜ ተመልሰን አይተነዋል፤ ሦስቱም ጊዜ አድኖናል።

## የሠራውና ያልሠራው

ኪሎሜትር፣ ዓመት፣ የቤት ካሬና የመኝታ ክፍል ብዛትን ከከረጢቱ አውጥተን ወደ እውነተኛ ኮለም መለስናቸው። ጂን ኢንዴክስ "ይዟል ወይ?" ለሚለው ጎበዝ ነው። "ከዚህ በታች፣ ከዚያ በላይ" ለሚል ጥያቄ ግን አይረዳም። አሁን ደንባችን አጭር ነው፦ ሰው በመጠን የሚያጣራበት ወይም የሚደረድርበት መረጃ ኮለም ይሁን። በአንድ ቁልፍ ላይ ብቻ ኢንዴክስ መሥራትም ይቻላል፤ ለጥቂቶቹ እሱን ተጠቅመናል።

የመበላላቱ ነገር የተፈታው ከረጢቱን በሙሉ ማስቀመጥ ስናቆም ነው። አሁን ፎርሙ የተለወጡትን ቁልፎች ብቻ ይልካል፤ ዳታቤዙ ራሱ ካለው ላይ ይደርባቸዋል። የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቀናታል።

የሚገባው መረጃ ዓይነቱ ልክ መሆኑን የሚያየው ማረጋገጫ መጀመሪያ አልሠራም። በጃንጎ ሴቭ (አንድ ዕቃ ሲቀመጥ የሚሠራው ፋንክሽን) ውስጥ አስገባሁትና ጨረስኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ባልደረባዬ ከአንድ አስመጪ የመጣ የኤክሴል ዝርዝር በጅምላ አስገባ። ጃንጎ ጅምላ ሲያስገባ ሴቭን አይጠራም። ቁጥሮቹ በሙሉ ጽሑፍ ሆነው ገቡ። አሁን ማረጋገጫው ለብቻው የቆመ ፋንክሽን ነው፤ ፎርሙም ጅምላውም እሱን ይጠራሉ። ከዚያ በታች ደግሞ ዳታቤዙ ላይ ገደብ አለ፤ ቁጥር መሆን ያለበት ቁልፍ ቁጥር ካልሆነ ረድፉን አይቀበልም። ኮዱን አልፎ የሚመጣ ቢኖር እዚያ ይቆማል።

"የለም" የሚለውን ቃልም ለመለየት ተገደድን። ቤቱ ካርታ የለውም ማለትና ካርታ ይኑረው አይኑረው አልጠየቅንም ማለት ለገዢ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ከረጢቱ ውስጥ ግን አንዳንዱ ቁልፉ ራሱ የለም፣ አንዳንዱ ባዶ ጽሑፍ ነው፣ አንዳንዱ "አይ" ነው። ቁልፉ ከሌለ አልተጠየቀም፣ "አይ" ከሆነ በእርግጥ የለም አልን። ባዶ ጽሑፍን ከለከልን።

ልጆቹ "አዲስ መረጃ ጨምር" ሲወሰድባቸው አልወደዱትም። ትክክል ናቸው፤ መዝገበ ቃሉ ሁሉን አይችልም። ስለዚህ "ሌላ" የሚል አንድ ነፃ ቦታ ተውንላቸው። እዚያ የተጻፈው ለገዢ ይታያል፣ በፊልተር ግን አይፈለግም። ኃላፊዋ ልጅ አርብ አርብ ታነበዋለች። ተደጋግሞ የመጣውን ወደ መዝገበ ቃሉ ታስገባለች። የሶላር ዕቃዎች መረጃ በሙሉ የገባው በዚህ በር ነው።

## ለሌላ ሥራ የሚሻገረው

ይህን አሠራር ከዚያ ወዲህ ለአንድ ክሊኒክና ለአንድ የንብረት መዝገብ ተጠቅሜበታለሁ። ዕቃው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። አሁን ማንም ሰው "ተለዋዋጭ ፊልድ እንፈልጋለን" ሲለኝ ስለ ዳታቤዝ ከማውራቴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አዲሱን ስም የሚያወጣው ማን ነው? መረጃው ለማንበብ ብቻ ነው ወይስ ይቆጠራል፣ ይጣራል? ለማንበብ ብቻ ከሆነ ከረጢት ውስጥ ጣለው፣ መዝገበ ቃልም አያስፈልግህም። የሚቆጠር ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ስሙና ዓይነቱ መታወቅ አለበት።

መረጃው ጥቂትና የታወቀ ከሆነ ደግሞ ኮለም ጨምር። እውነቴን ነው። አሥርና አሥራ አምስት ኮለም ማንንም ገድሎ አያውቅም።

በአማርኛ የሚሞላ ሲስተም ላይ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ በነፃ የሚጻፍ ቁልፍ ከእንግሊዝኛው ይልቅ እዚህ ቶሎ ይበታተናል። "ዓይነት" የሚለው አንድ ቃል ብቻ በስንት መንገድ እንደሚጻፍ ጎረቤትህን ጠይቅ።

## እስካሁን ያልተፈታው

የመኪናው ዓመት ነው። ቁጥር ነው፣ ኮለም አለው፣ ማረጋገጫ አለው። ግን 2007 የሚለው የቱ 2007 ነው? የመኪና ሞዴል በፈረንጅ ነው የሚጠራው፤ የ2007 ቪትዝ ሲባል ሁሉም ይገባዋል። አንዳንዱ ሻጭ ግን ወደኛ አቆጣጠር ለውጦ 1999 ይላል። አንዳንዱ ደግሞ መኪናውን የገዛበትን ዓመት ይጽፋል። ከ2010 በላይ የሆነውን ከሞዴሉ ጋር አስተያይተን አንዳንዱን አወቅነው። የቀረውን ምንም ስክሪፕት አያውቀውም። "ዓመቱ አልተረጋገጠም" የሚል ምልክት አድርገን ልጆቹ ጊዜ ሲያገኙ ለመኪናው ባለቤት ይደውላሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ስትደውል አጠገቧ ነበርኩ። "ጋሼ፣ መኪናው 2007 ይላል፤ በኛ ነው በፈረንጅ?" አለቻቸው።

ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉ። "ቆይ ልጄ፣ ሊብሬው ባለቤቴ ጋ ነው፤ ማታ ልደውልልሽ" አሏት። እስካሁን አልደወሉም።